በዘጠኝ ሰዓት የሚከፈት ምሳ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ጋሼ ለማ፣ ቀኑን በምን ያሳልፉታል?» ይሉኛል። «ሥራ በዝቶብኛል» እላለሁ። ውሸት አይደለም። ሆሊውድ ባለችው አንድ ክፍል ቤቴ፣ የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ በየሳምንቱ አንድ ሰው ወደ ጃፓን ተራራ እልካለሁ። አውሮፕላኑን፣ ባቡሩን፣ የሚያድርበትን የተራራ ጎጆ እመርጥለታለሁ። ደመና ቢመጣበት የሚመለስበትን መንገድ በቀይ እርሳስ አሰምርለታለሁ። የጎደለው ነገር ቢኖር ተጓዡ ብቻ ነው። እስካሁን ከላክኋቸው አንድም የጠፋብኝ የለም። ሥራ ላይ በነበርኩበት ዘመን እንዲህ ያለ ንጹሕ ስም አልነበረኝም።

እኔ ራሴ ተራራ ወጥቼ አላውቅም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ደረጃ የምወጣው ሊፍቱ ሲበላሽ ነው፤ ያኔም ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ የማስታወቂያ ሰሌዳውን እንደሚያነብ ሰው እመስላለሁ። ነገር ግን ሰው በሸንተረር ላይ እንዴት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚደክመው፣ የት ውኃ እንደሚያልቅበት ከብዙ ተራራ ወጪዎች የተሻለ አውቅ ነበር። ያስተማረችኝ አንዲት አጭር ሴት ናት።

ወደዚህ አገር የመጣሁት ለትምህርት ነበር። ትምህርቱና እኔ በስምምነት ተለያየንና ሆሊውድ አንድ ሆቴል ውስጥ የሰው መኪና ፓርክ ማድረግ ጀመርኩ። ሚስስ ፉሚ የሚሏት ጃፓናዊት የጉዞ ወኪል በየሳምንቱ እንግዶች ልትቀበል ትመጣለች። ስትወጣ መኪናዋን በስንት ደቂቃ እንደማመጣ ትጠይቀኛለች፤ ከዚያ ሰዓቷን ታያለች። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝና «አሁኑኑ» እላታለሁ። አንድ ቀን «አሁኑኑ ማለት አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤ ስድስት ጊዜ ለክቼዋለሁ» አለችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ስትጠይቀኝ ተናድጄ «አሥራ አንድ ደቂቃ» አልኳት። በዘጠኝ አመጣሁላት። ሥራ የሰጠችኝ ያን ቀን ነው። ደመወዙ ከመኪና ማቆሙ አይሻልም ነበር፤ ወንበር ግን ነበረው።

ቢሮዋ ዳውንታውን አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። መጀመሪያ ትኬት እያደረስኩ ድራይቭ አደርግላት ነበር፤ ቀስ በቀስ ካርታው ላይ አስቀመጠችኝ። በጃፓን መሃል ወደሚገኙት ትላልቅ ተራሮች የሚሄዱ ደንበኞች ነበሯት። አንድ ቀን ወጥተው ጎጆ የሚያድሩ፣ በማግስቱ ሸንተረሩን ይዘው ሄደው በሌላው ወገን የሚወርዱ ናቸው። ሸንተረሩ አንዳንድ ቦታ ከመኝታ አልጋ አይሰፋም። በግራም በቀኝም ገደል ነው፤ ዓለቱ ላይ ሰንሰለት ተመትቷል፣ የብረት መሰላል ተተክሏል።

ፉሚ ኪሎ ሜትር የሚባል ነገር አትወድም። «ኪሎ ሜትር ለመኪና ነው፤ ሰው የሚሄደው በሰዓት ነው» ትላለች። የጃፓን የተራራ ካርታም እንደ እሷ ነው፤ ከዚህ ጎጆ እስከዚያ ጫፍ ሁለት ሰዓት ከሃያ ብሎ ይጽፋል። እሷ ግን ካርታው የጻፈውን እንዳለ አትቀበልም። ካርታውን የሠራው ሰው ወጣት ነበር፣ አየሩም ጥሩ ነበር፣ ሚስቱም ቤት ትጠብቀው ነበር ብላ ታስባለች። ስለዚህ ለዕድሜ ትጨምራለች፣ ለቦርሳ ትጨምራለች፣ ፎቶግራፍ ለሚወድ ሰው ደግሞ ሳትነግረው አንድ ሰዓት ትጨምርለታለች።

እርሳሶቿ ሦስት ነበሩ፤ ጥቁሩ ለመንገድ፣ ሰማያዊው ለውኃ፣ ቀዩ ለመመለሻ። ቀዩ ሰዓት ከወረቀቱ ሁሉ በላይ ይጻፋል። ከዚህ ቦታ በዚህ ሰዓት ካላለፍክ፣ ጫፉ አፍንጫህ ሥር ቢሆንም ዙረህ ተመለስ ማለት ነው። «ጫፉ የትም አይሄድም» ትል ነበር፤ «አንተ ግን ትሄዳለህ።»

የገረመኝ ልማዷ ግን ሌላ ነው። ደንበኛ ከመላኳ በፊት ጉዞውን ቢሮ ውስጥ ትኖረዋለች። ደንበኛው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚበላ ከሆነ እሷም በአሥራ አንድ ትበላለች። (ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በአሜሪካ ሰዓት መቁጠር ከጀመርኩ አርባ ዓመት ቢያልፈኝም ሆዴ አልተስማማም።) እሱ የሚበላውን ያንኑ ትበላለች። እሱ የሚሸከመውን ተሸክማ የሕንፃውን ደረጃ እየወጣች እየወረደች ትውላለች፤ በየሰዓቱም የተሰማትን ትጽፋለች። «አራት ሰዓት፦ ጉልበት። አምስት ሰዓት፦ ቁጣ። ስድስት ሰዓት፦ ባሌን አሰብኩ።» የባሏ ነገር ለደንበኛው አይነገርም፤ የተቀረው ግን እቅዱ ውስጥ ይገባል። ቁጣ የጻፈችበት ሰዓት ላይ ጣፋጭ ነገር እንዲበላ ታዝዛለች።

ደንበኛውን ደግሞ ፊት ለፊት አስቀምጣ ትጠይቀዋለች። ስለ ጉልበቱ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ከፍታ ያስፈራው እንደሆነ። መጨረሻ ላይ እርሳሱን ታስቀምጥና ዓይኑን እያየች «ምን ትበላለህ? በስንት ሰዓት?» ትለዋለች። ለምን እርሳሱን እንደምታስቀምጥ ጠየቅኳት። «እርሳስ ከያዝኩ መልካሙን መልስ ይሰጠኛል። እጄ ባዶ ከሆነ እውነቱን ይናገራል» አለችኝ።

ስታረጅ ቢሮውን ዘጋች፤ እርሳሶቹን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔም ሊትል ኢትዮጵያ፣ ፌርፋክስ ላይ፣ አንድ የሐበሻ ገበያ ውስጥ ጥግ ተከራይቼ ጠረጴዛ ዘረጋሁ። ከኋላዬ በርበሬ፣ ከፊቴ የስልክ ካርድ። የምሸጠው ትኬት በርበሬ በርበሬ ይሸታል፤ ኤርፖርት ላይ ያስነጠሰ ሰው ካያችሁ የእኔ ደንበኛ ነበር። ሥራዬ በአብዛኛው የአዲስ አበባ ትኬት ነበር፤ እዚያ ደግሞ ተራራው ሻንጣው ነው። «ጋሼ፣ ሦስተኛ ሻንጣ አይፈቅዱም?» የሚለውን ስንት ሺህ ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ጃፓን የሚሄድ በዓመት አንድ ቢገኝ ነው። እርሳሶቹን ግን በየጠዋቱ እቀርጽ ነበር።

ይልማ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ግሌንዴል ውስጥ ፋርማሲስት ነበር። በተማሪነት ዘመን አብረን አንድ ክፍል የተከራየን፣ እኔ ከትምህርት ስለያይ እሱ የእኔንም ድርሻ የተማረልኝ ሰው ነው። ሚስቱ ካረፈች በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው በስተሰሜን ያሉትን ተራሮች መውጣት ጀመረ። ስልሳን አልፎ እንደ ፍየል ይወጣ ነበር። አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ፊት ቁጭ ብሎ ከመጽሔት የቀደደውን ፎቶ ዘረጋ፤ የጃፓን ሸንተረር ነበር።

«ይሄን እሄዳለሁ» አለ።

«ከማን ጋር?»

«ከራሴ ጋር።»

«እሱ ደግሞ ያስቸግራል፤ አብሬው ኖሬ አውቀዋለሁ» አልኩት። ሳቀ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነበር። በሆዴ፣ ይህን ሰው የሕይወቴን ምርጥ እቅድ እሠራለታለሁ አልኩ።

ሠራሁም። አራት ወር ፈጀብኝ። ጎጆውን በስልክ አስያዝኩ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እንዲደርስ፣ ካለዚያ ባለ ጎጆዎቹ እንደሚቆጡ አስጠነቀቅሁት። በሁለተኛው ቀን ንጋት ላይ ወጥቶ ሸንተረሩን እኩለ ቀን ሳይሞላ እንዲጨርስ አደረግሁ፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አለና። ሦስቱን የሰንሰለት ቦታዎች ምልክት አደረግሁ። የራስ ቁር ይከራያል፣ በትሩን ሰንሰለቱ ጋ ሲደርስ ቦርሳው ላይ ያስራል፤ ተራራው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ የሚገባው የጉዞ ወረቀት ላይ የእኔ የቢሮ ስልክ ይጻፋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ይወርዳል። ጎጆዎቹ ማታውኑ የምሳ ሣጥን አዘጋጅተው ይሰጣሉ፤ ግማሹን ሁለት ሰዓት ላይ፣ ግማሹን አምስት ሰዓት ላይ፣ ከመጨረሻው ሰንሰለት በፊት እንዲበላ ጻፍኩ። ፉሚ ብታየው አንገቷን ትነቀንቅ ነበር፤ ከእሷ ይህ ትልቅ ሽልማት ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጉዞው የነሐሴ ነበር፤ ተራራው ደህና የሚሆነው ያኔ ነው፣ ይልማም ፈቃድ ያገኘው ያኔ ነው። ፍልሰታ ነበር። አላየሁትም አልልም፤ ግድግዳዬ ላይ የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ተሰቅሏል። ያየሁት ግን እንደ ሌላ ሰው ቀጠሮ ነው። ምክንያቱንም ልናገር፤ እኔ ጾም ከተውኩ ስንት ዓመቴ። እንዳልተውኩ መስሎ መኖሩን ግን አልተውኩም። ደንበኞቼ እኮ የማኅበር ሰዎች፣ የደብሩ ሰዎች ናቸው። ረቡዕና ዓርብ ስጋ ያማረኝ እንደሆነ ማንም ወደማያውቀኝ ሰፈር ድራይቭ አድርጌ እበላለሁ። አንድ ጊዜ ሁለት ከተማ አቋርጬ በርገር ቤት ስገባ የደብራችንን ዲያቆን ወረፋ ላይ አገኘሁት። ተያየን። ሁለታችንም ሽንት ቤት ፍለጋ የገባን ሆነን ወጣን።

እናም በፍልሰታ መጀመሪያ ሰሞን፣ ይልማ ሊበር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የፉሚን ልማድ ልፈጽም ንጋት ላይ ቢሮ ገባሁ። በትንሿ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሩዝና እንቁላል በቅቤ ሠራሁ፤ ጎጆዎቹ ሣጥን ውስጥ እንቁላል ይጨምራሉ ተብዬ ነበርና ለእውነተኛነቱ ነው። ቅቤው ግን የእኔ ጭማሪ ነው። ድንጋይ የሞላሁትን ቦርሳ አዝዬ፣ ሳህኑን ይዤ፣ ሁለተኛው ጉርሻ ላይ እያለሁ በሩ ተንኳኳ። ይልማ ወረቀቱን ሊወስድ ከሥራ በፊት መጥቷል።

ሳህኑን ከነማንኪያው የትኬት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አፌን ጠረግሁ። ቦርሳውን ማውረዱን ረሳሁ።

«ምንድን ነው የተሸከምከው?» አለኝ።

«ያንተን ሸንተረር።»

ፈገግ አለና ተቀመጠ። ክፍሉን አየት አደረገ። «ጾም እንዴት ይዞሃል?» አለኝ።

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?»

«ደህና ነው።»

ይኸው ነው። ሰላምታ ነው እኮ፤ የሚጾመውም የማይጾመውም ይለዋል። ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የፉሚ ጥያቄ ነበር። ምን ትበላለህ፣ በስንት ሰዓት። እርሳሱን አስቀምጬ ዓይኑን አይቼ። እርሳሱን አስቀመጥኩ እንኳ። ነገር ግን ጥያቄው ተመልሶ ወደ እኔ እንደሚመጣ አወቅሁ፤ «አንተስ?» ይለኛል፤ መሳቢያዬ ደግሞ እየሸተተ ነው። መንገደኛ አይደል፣ አባም ይፈቅዱለታል፣ ተራራ ላይ ማን ይጾማል ብዬ ለራሴ መለስኩ። እርሳሱን መልሼ አነሣሁ። ስለ አውቶቡሱ አወራሁ።

እሱ ሲሄድ እንቁላሉን ጨረስኩ። ቀዝቅዞ ነበር፤ ያም አልከለከለኝም። የትኬት መሳቢያው ላይ የቀረው የቅቤ ቅባት ቢሮው እስኪዘጋ ድረስ አልለቀቀም።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት እናት ስለ ሦስተኛ ሻንጣ ስትለምነኝ ስልኩ ጮኸ። ከጃፓን ነው፤ አስተርጓሚ ሴት ናት። ድምፅዋ ጨዋ ነበር። ደንበኛዎ በሕይወት አለ፣ አለችኝ አስቀድማ። የመጨረሻው ሰንሰለት ላይ እጁ ለቆታል፤ ብዙ አልወደቀም፣ የዓለት እርከን ይዞታል፤ የዳሌ አጥንቱ ተሰብሯል። ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት አግኝተውት ደመናው ሲገለጥ ሄሊኮፕተር ወስዶታል። ሆስፒታል ነው። ቀጥላም «አንድ ነገር ሐኪሙ ሊገባው አልቻለም» አለችኝ። «ሰባት ሰዓት ላይ ነው የተገኘው። በጣም ደክሞ ነበር፣ ይንቀጠቀጥ ነበር። የምሳ ሣጥኑ ግን ቦርሳው ውስጥ አለ። ማሰሪያው እንኳ አልተፈታም። ሽማግሌዎቹ ጣፋጭ ሲሰጡት ሰዓቱን ጠየቃቸው። ለምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

ሴትዮዋ ፊቴ ቆማለች፤ ሻንጣዋን ይዛለች። «አውቃለሁ» አልኩ በስልኩ።

ዘጠኝ ሰዓትን እየጠበቀ ነበር። አውቶቡሱ ዘጠኝ፣ ጾሙ ዘጠኝ። እቅዴ እንዴት ገጥሞለት ነበር። ፌርማታው ላይ ቁጭ ብሎ ሣጥኑን ሊከፍት፣ እንቁላሉን ትቶ ሩዙን ሊበላ ነው። ብጠይቀው ኖሮ መፍትሔው ቀላል ነበር፤ መንገዱን ለሁለት ከፍዬ ሌላ ጎጆ እጨምርለታለሁ፣ ከመጨረሻው ሰንሰለት በፊት አሳድረዋለሁ። ወይም ጉዞውን ከዐሥራ አምስቱ ቀን አሳልፈዋለሁ። አንድ ጥያቄ ነበር።

ይልማ ተመለሰ። በምርኩዝ። ተራራ ቀረ። ግሌንዴል ቤቱ ድረስ ብርቱካን ይዤ ሄጄ ነበር፤ ሲያየኝ ደስ አለው፣ ምንም አልጠየቀኝም፣ ምንም አልወቀሰኝም። ይህ ነው ያባረረኝ። ቢሰድበኝ በሳምንቱ ተመልሼ እሄድ ነበር። እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰህ እያልን በስልክ መልእክት ሰባት ዓመት ሄደ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምርኩዙን ስሰማ ከዓምዱ ኋላ እሆናለሁ። እኔ ደግሞ ዓምድ የሚሸፍነኝ ሰው አይደለሁም፤ ሆዴ በአንድ በኩል፣ ጀርባዬ በሌላ በኩል ይታያል።

ቢሮው ባለፈው ዓመት ተዘጋ። ሰው ትኬቱን በስልኩ ይገዛል፤ ትክክል ነው፣ ስልኩ በርበሬ አይሸትም። የእኔ ጥግ ላይ አሁን የስልክ ልባስ ይሸጣሉ። እኔ በአውቶቡስ እየመጣሁ እዚያው መንገድ ላይ ምሳ እበላለሁ፤ ለብቻዬ የሚቀርብልኝ እንጀራ የአንድ ሰው መሆኑን ያህል የሚያሳዝነኝ የለም፤ ከዚያ ቤቴ ገብቼ ለሌለ ሰው መንገድ አሰምራለሁ። እስከ ዘንድሮ ጸደይ ድረስ።

የይልማ ልጅ ማሕሌት ምግብ ቤቱ ውስጥ ሳለሁ መጣች። ሠላሳ ያለፋት፣ ነርስ ናት። ስልኳን ፊቴ ላይ አደረገች።

«ጋሼ ለማ፣ ይሄን ፕላን ቼክ አድርግልኝ። አባባ የሄደበት ነው። ልጨርስለት ነው የምሄደው።»

አየሁት። በስልክ የተሠራ እቅድ ነበር፤ ቆንጆ ቀለም፣ ቆንጆ ሥዕል። «አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ይላል» አልኩ።

«ኦኬ፣ ምን ችግር አለው? እኔ በሳምንት ከዚያ በላይ ራን አደርጋለሁ።»

«ኪሎ ሜትር ለመኪና ነው» አልኩና የፉሚ ድምፅ ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ። ወረቀት አወጣሁ። ኪሴ ውስጥ ሦስቱ እርሳሶች ነበሩ፤ ሁሌም አሉ። ጉልበቷን ጠየቅሁ፣ መድኃኒት ጠየቅሁ፣ ከፍታ ጠየቅሁ። ከዚያ እርሳሱን አስቀመጥኩ።

«ማሕሌት። ጉዞሽ ነሐሴ ነው። ትጾሚያለሽ?»

አየችኝ፤ ከዚያ ሳቀች። «ጋሼ፣ እኔ ጴንጤ ነኝ እኮ። ከኮሌጅ ጀምሮ። ረሳኸው?»

ሰባት ዓመት የተሸከምኩት ጥያቄ እዚያ ጠረጴዛ ላይ እንደ ባዶ ሳህን ቀረ። እኔም ሳቅኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

«ሶ፣ የእኔ ጉዳይ ኢዚ ነው» አለች። «ከባዱ አባባ ነው። እመጣለሁ ብሏል።»

«በዚያ ዳሌ?»

«ተራራውን አይደለም። ታች፣ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ። ስወርድ እዚያ ቁጭ ብሎ ሊጠብቀኝ። እኔ ደግሞ አባባን ብቻውን እዚያ ጥዬ ተራራ አልወጣም። አንተ አብረኸው ብትቀመጥ እሄዳለሁ። ካልሆነ ካንስል አደርገዋለሁ።»

«እሱ ምን አለ?»

«እሱ ነው ጠይቂው ያለኝ።»

ቤቴ ገብቼ የቀረውን ቀን ስልኩን እያየሁ ዋልኩ። እቅዱን ሠራሁት። ሁለት ሽማግሌ ሦስት ሰዓት የሚቀመጡበት ጥላ የት እንዳለ፣ ሽንት ቤቱ ስንት እርምጃ እንደሆነ። የቀረኝ አንድ መስመር ነበር። እሱን ከመጠየቅ ጉዞው ቢቀር ይሻለኛል ብዬም አሰብኩ። የልጅቷ መንገድ በእኔ አፍ ላይ ነበር የተንጠለጠለው። ደወልኩ።

«ለማ» አለ ይልማ፤ እንደ ትናንት።

«እቅድ እየሠራሁ ነው። ልጠይቅህ ነው» አልኩ። «ምን ትበላለህ? በስንት ሰዓት?»

«ፍልሰታ አይደል፤ እጾማለሁ። እስከ ዘጠኝ» አለ። «አንተስ?»

መጣች። ሰባት ዓመት የሸሸኋት ቃል። መስኮቱን አየሁ፤ ማዶ አንድ ሰውዬ ውሻውን ያጥባል።

«እኔ አልጾምም» አልኩት። «ያን ጊዜም አልጾምኩም። ያን ጠዋት ስትመጣ እንቁላል በቅቤ እየበላሁ ነበር። መሳቢያ ውስጥ ደበቅሁት። ስለ ጾሙ ያልጠየቅሁህ ለዚያ ነው። የወደቅከው በእኔ ነው።»



«መሳቢያው በደንብ አልተዘጋም ነበር» አለ።

«ምን?»

«የማንኪያው እጀታ ወጥቶ ነበር። ሽታውም በሩ ላይ ነው የተቀበለኝ። ያን ጠዋት የመጣሁት ለወረቀቱ ብቻ አልነበረም፤ እጾማለሁና የምሳ ሰዓቱን ቀይርልኝ ልልህ ነበር። ማንኪያውን ሳይ ተውኩት። ብነግርህ ታፍራለህ ብዬ።»

እጄ ላይ የነበረውን እርሳስ አስቀመጥኩ።

«አንተን ላለማሳፈር ዳሌዬን ሰበርኩ» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ያ የተማሪ ቤቱ ሳቅ ነበረበት። «አንተ ደግሞ አፍረህ ሰባት ዓመት ጠፋህ። ምን አተረፍኩ?»

እቅዱን ጨረስኩ። ይሁንና የፉሚ ልማድ ይቀራል እንዴ? ጉዞን ከመጀመር በፊት ይኖሩታል። የእኛ ጉዞ መጠበቅ ነው፤ ስለዚህ መጠበቅን መለማመድ አለብን አልኩት። «እብድ ነህ» አለኝ፤ እሺም አለ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ፌርፋክስ ላይ አውቶቡስ ፌርማታው አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ጭኔ ላይ ሁለት ሣጥን አለ፤ ሩዝና ጎመን፣ ማሰሪያው አልተፈታም። ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም። እንዲህ ካደረግሁ ብዙ ዘመኔ ነው፤ በየሰዓቱ የተሰማኝን እጽፋለሁ። «ስድስት ሰዓት፦ ኩራት። ሰባት ሰዓት፦ ፀፀት። ሰባት ተኩል፦ ማዶ ምግብ ቤት ያለው ጥብስ ሽታው ብቻ ኃጢአት ነው።» አውቶቡስ ይመጣል፣ በሩን ይከፍታል፤ እጄን አወዛውዛለሁ፣ ሾፌሩ አይቶኝ ይሄዳል። ሦስተኛው «ሰው ነው የምትጠብቀው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። እውነት ስለነበር ደስ አለኝ።

ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ይልማ አልመጣም። ሐሳቡን ቀይሯል አልኩ። መብቱ ነው አልኩ። ሣጥኖቹን ወደ ቦርሳዬ መመለስ ጀመርኩ።

ማዶ፣ የማሕሌት መኪና ቆመች። መጀመሪያ ምርኩዙ ወጣ፤ ከዚያ እሱ። መብራቱን ጠብቆ መንገዱን ተሻገረ፤ ቀስ እያለ ነው፣ እኔም በልቤ ለካሁት፤ መብራቱ ሊቀየር ሁለት ሰከንድ ሲቀረው ደረሰ። አጠገቤ ተቀመጠ። ሣጥኖቹን አየና አንዱን ከቦርሳዬ አውጥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። አልከፈተውም።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

«ስምንት ተኩል።»

«ግማሽ ሰዓት ቀርቶናል» አለ፤ ምርኩዙንም በመካከላችን አቆመው።